መንገድ ላይ ነኝ

ሶልያና ጥርሷን እየፋቀች ትናንት ያደረገችውን ሰማች። ለአርባ ሰዎች እንኳን ደስ ያላችሁ ብላለች። የአንድ የቀድሞ ባልደረባዋን ንግግር አድንቃ ረዘም ያለ አስተያየት ሰጥታለች፤ አስተያየቷም ተወዶላታል። ሦስት ለቅሶ ደርሳለች። አንዲት ወጣት መሐንዲስ ምክር ብትጠይቃት መክራታለች፣ ልጅቷም ተጽናንታለች። ይህ ሁሉ ሲሆን እሷ ሶፋዋ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

የሚነግራት ጆሮዋ ላይ የሰካችው እንደራሴዋ፣ በስሟ ለሰው ሁሉ የሚያወራላት ማሽን፣ ነው። ድምፁ የራሷ ድምፅ ነው፤ ብቻ ትንሽ ያረፈች፣ ትንሽ ደግ የሆነች ሶልያና ይመስላል። በዚያ ዘመን እንደራሴ የሌለው ባለሙያ ከሞተ ሰው አይለይም ነበር። ሰው ሁሉ በሺህ የሚቆጠር የሥራ ወዳጅ አለው፤ የሥራ ወዳጅ ደግሞ ሹመት ያገኛል፣ ይመረቃል፣ ይታመማል፣ ሐሳቡን ያካፍላል፣ ላካፈለው ሐሳብ አስተያየት ይጠብቃል። ይህን ሁሉ በራሱ አፍና ጣት የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ሰላምታው ከእንደራሴ ወደ እንደራሴ ይሄዳል፣ ምላሹም እንደዚያው ይመለሳል። ባለቤቶቹ ጠዋት ጠዋት ሪፖርቱን ይሰማሉ። አብዛኞቹ እሱንም ትተውታል።

በዚያ ሳምንት ግን ሶልያና የቸገራት ሰላምታ አልነበረም። ሰው ቸገራት፤ አንድ ሰው።

ነገሩ የጀመረው አቃቂ ካለ ባለ ሃያ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ ነው። የመጨረሻውን ፍተሻ እንድታደርግ ተቀጥራ ምድር ቤት ስትወርድ፣ አንዱ ምሰሶ ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አየች። በግድግዳው ውስጥ የተቀበሩት መለኪያዎች ሁሉም ሰላም ነው ይላሉ። እሷ ግን ከመለኪያዎቹ በፊት የተማረችው ነገር ነበራት። አንዲት ስስ የመስታወት ቁራጭ ስንጥቁ ላይ ጋድም አድርጋ፣ ግራና ቀኟን በጀሶ ለጠፈቻት። ምሰሶው ዝም ብሎ ከቆመ መስታወቷ ዝም ትላለች። ሰኞ ለጥፋ ረቡዕ ብትመለስ መስታወቷ ለሁለት ተሰብራለች።

ሕንጻው ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ የተሸከመውንም ይዞ ይሄዳል። ነዋሪዎቹ ደግሞ ቅዳሜ ቁልፍ ሊረከቡ ነው። ከምድር ቤት ስትወጣ አንዲት ሴት ሁለት ሕፃናት ቀሚሷን እየጎተቱባት ለመስኮቷ መጋረጃ ስትለካ አገኘቻት። «አበባ ያለበት ይሻላል ወይስ ወጥ?» ብላ ጠየቀቻት። ሶልያና ምን እንደመለሰችላት አታስታውስም።

ለሕንጻው ባለቤት ብትጽፍለት እንደራሴው ስለ ትጋቷ ከልብ አመሰገናት። የቀረው የሕንጻ ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ደንብ አለ። ተቋራጮች እርስ በርስ ለመጠላለፍ ተቃውሞ በእንደራሴ እያዘነቡ ጽሕፈት ቤቱን ስላጥለቀለቁት የወጣ ደንብ ነው። ፈቃድ ያላቸው ሁለት መሐንዲሶች በአካል ቀርበው፣ ጸሐፊዋ የእጃቸውን ደም ሥር ዳስሳ ሰው መሆናቸውን አረጋግጣ፣ ከፈረሙ ሕንጻው ይታሸጋል። አንድ ሰው ብቻውን ከመጣ እንደመጣ ይመለሳል።

ሶልያና እንደራሴዋን አንድ መሐንዲስ ፈልግልኝ አለችው። ምላሹ ጎረፈ። አብሬሽ ነኝ ያላት ብዛቱ፣ በአንቺ እኮራለሁ ያላት ብዛቱ! አንዱ ስለ ድፍረቷ ግጥም ቢጤ ላከላት። ሐሙስ ጠዋት በአካል የሕንጻ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ እንገናኝ ስትላቸው ግን ሁሉም ተመሳሳይ ስብሰባ ነበረባቸው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በደስታ የሚል ምላሽ የሰጣት ኢዮስያስ ብቻ ነበር።

ኢዮስያስ የአፈር ሰው ነው። ገና ወጣቶች ሳሉ አዋሽ ላይ ለሚሠራ ድልድይ የአፈር ጉድጓድ ሲቆፈር፣ እሷና እሱ አለቃቸው ከነበሩት ከጋሽ ያፌት ጋር አንድ በጋ ሙሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አሳልፈዋል። በአንድ ጣሳ ውሃ ጠጥተዋል። ጉድጓዱ ሊደረመስባት ሲል በሸሚዟ ኮሌታ ጎትቶ ያወጣት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ለያያቸው እንጂ ሰላምታው ተቋርጦ አያውቅም። አንድም በዓል፣ አንድም ልደት አላለፈውም። በአካል የተገናኙበትን ጊዜ ለማስታወስ ስትሞክር ግን አልመጣላትም፤ ለነገሩ በዚያ ዘመን ያን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ቆማ ደወለችለት።

«መንገድ ላይ ነኝ» አላት፣ በዚያው በሚያስቅ ድምፁ።

ሳቀች። የአዲስ አበባ ሰው መንገድ ላይ ነኝ ካለ ገና ጫማውን አላደረገም፤ ዘመን ቢለወጥ ይህ አልተለወጠም። ትንሽ ቆይታ ደወለች፤ «ደረስኩ» አላት። ሻይ ጠጣች። ደወለች፤ «ደረስኩ ደረስኩ፣ አንድ መታጠፊያ ነው የቀረኝ።» ለምሳ ተዘጋ፣ ተከፈተ። ጸሐፊዋ በመስኮት እያየች አዘነችላት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ኢዮስያስ አንድ መታጠፊያ ቀርቶት ነበር። ሶልያና በመጀመሪያ ተናደደች፣ ቀጥሎ ታሟል ይሆን ብላ ሰጋች። ታክሲ ይዛ ሳሪስ ያለው ቤቱ ሄደች።

በሩን የከፈተችላት መነጽር ያደረገች ቀጭን ሴት ናት፤ ባለቤቱ ኤልዳና። በፎቶ እንጂ በአካል ተያይተው አያውቁም። ኤልዳና ግን አንድ አፍታ አየቻትና «ሶልያና ነሽ» አለች።

«አዎ። ይቅርታ፣ ሳልነግራችሁ መጣሁ። ኢዮስያስ አለ? ቀጠሮ ነበረን። ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ላይ ነኝ ይለኛል።»

«መንገድ ላይ ነኝ አለሽ?»

«ደረስኩ አለኝ እንጂ።»

ኤልዳና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ «ግቢ» አለቻት። አስቀመጠቻት። ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኢዮስያስ ካረፈ ሦስት ዓመት አለፈው፣ እህቴ።»

ሶልያና ክው አለች። የመጣላት ይሄ ብቻ ሆነ፦ «ማንም እኮ አልነገረኝም።»

«ለሌላው የነገርሽው አንቺ ነሽ» አለች ኤልዳና። የወቀሳ ድምፅ አልነበረም።

እንደራሴ የሚያወጣ ሰው አንድ አርጂ ይመርጣል፤ የሞተ ቀን ለሥራ ወዳጆቹ መርዶውን የሚያደርስለት ሰው። ሶልያና የራሷን ሳትመርጥ ትታው ነበር። ኢዮስያስ እሷን መርጧል።

«ታሞ ተኝቶ ሳለ አትጨነቂ ይለኝ ነበር» አለች ኤልዳና። «ሶልያና ካወቀች ቤት ለቤት ዞራም ቢሆን ሰው ታመጣለች ይል ነበር። ያረፈ ዕለት ላንቺ ላክሁልሽ። ሻይ እንኳ ሳይፈላ ለሁሉም አደረስሽው። ሻይ ሳይፈላ ሁሉም አልቅሰው ጨረሱ።»

የእጅ ስልኳን አነሳችና ድምፅ ከፈተች። የሶልያና ድምፅ ነው። ኢዮስያስ ወንድሜ ነበር፣ ይላል። በአንድ ጣሳ የጠጣን፣ ከሚደረመስ አፈር ውስጥ በኮሌታዬ ጎትቶ ያወጣኝ ወንድሜ፣ ይላል። መካከል ላይ ሳግ ይይዘዋል፣ ይቆማል፣ ይቀጥላል። ሶልያና በሕይወቷ እንዲያ አድርጋ ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ጠዋት ጥርሷን ስትፍቅ ሪፖርቱ ውስጥ ተነግሯት ይሆናል። ምናልባትም ያን ጊዜ ውሃው እየወረደ ነበር።

«ደጋግሜ ሰማሁት» አለች ኤልዳና። «ጥሩ አድርገሽ ነው ያለቀስሽለት። ድንኳን ውስጥ የፊተኛውን ረድፍ ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ብለን ለየነው። የእድራችን ሰዎች ቦታ ጠፍቶ ቆመው እንኳ እዚያ አልተቀመጡም። አሁን ይመጣሉ፣ አሁን ይመጣሉ ስንል ሦስተኛው ቀን አለቀ፤ ወንበሮቹን እንደተደረደሩ መለስናቸው።»

ሶልያና ያን ጊዜ አለቀሰች። እንደ ድምፁ አላማረባትም፤ አፍንጫዋ ነው የቀደመው። ኤልዳና ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠችና ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ አዲስ አብራት አለቀሰች።

ሲወጣላቸው ሶልያና «ለምን አልዘጋሽውም?» አለቻት። «የሱን እንደራሴ።»

«እንዴት አደርሽ ይለኛላ» አለች ኤልዳና፣ አፍራ። «ለስንቱ እንደሚል አውቃለሁ። እኔንም ይለኛል።»

«ጋሽ ያፌትስ? እሳቸውም አልመጡም?»

የኤልዳና ፊት ጠቆረ። «እሳቸው እንደራሴ የላቸውም። ያንቺ ድምፅ በየት ይድረሳቸው? ዛሬም በየሳምንቱ በራሳቸው እጅ ለኢዮስያስ ይደውሉለታል። ይመልስላቸዋል። ይሳሳቃሉ። እኔ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ትልቅ ሰው መርዶውን በስልክ ይረዳል? በማለዳ ሰው ይዞ፣ ደጅ ድረስ ሄዶ ነው መርዶ። የሚሄድልኝ ሰው ከየት ላምጣ?»

ሶልያና ጋሽ ያፌትን ካሰበቻቸው ዓመታት ሆኗታል። እንደራሴዋ ምላሽ የማይሰጡ ሰዎችን ከወዳጅ መዝገብ ያወጣል፤ እሳቸውም የወጡት በዚያ ነበር። ፈቃዳቸውን ግን አልመለሱም። ሁለተኛው መሐንዲስ ቢሾፍቱ ውስጥ፣ በሕይወት፣ አለ።

ዓርብ ማልዳ አውቶቡስ ተሳፈረች። ጽሕፈት ቤቱ ማታ ከተዘጋ እስከ ሰኞ አይከፈትም፤ ቅዳሜ ደግሞ መጋረጃው ይሰቀላል። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር አብሰለሰለች። ብትነግራቸው እንዲህ ያለ ሐዘን የወደቀበትን ሽማግሌ አንስታ ወደ ቢሮ ልትወስድ አትችልም፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ፍራሽ ይወርዳል፣ ቀኑ ያልቃል። ደግሞስ መርዶ እኩለ ቀን አይነገር፣ ለብቻ አይነገር። ነገ በማለዳ ከነኤልዳና ጋር እመለሳለሁ አለች። ሶልያና እንዲህ ልማድ አዋቂ የሆነችው ያን ቀን ነው።

ጋሽ ያፌትን ያገኘቻቸው አጥራቸው ሥር፣ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ ይዘው ነው። ቀና ብለው አዩዋት፤ ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሶልያና? አንቺው ራስሽ ነሽ?»

«እኔው ነኝ ጋሼ።»

«ጉድ በል!» አሉና በጭቃ እጃቸው አቀፏት። ጭቃው በካፖርቷ ላይ ቀረ፤ እሷም አላራገፈችውም።

ስለ ምሰሶው ነገረቻቸው። ስለ መስታወቷ ስትነግራቸው ፈገግ አሉ፤ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሰው ያስፈልጋል ስትላቸው ግን ፈገግታቸው ጠፋ።

«አንቺን ሳላምን ቀርቼ አይደለም» አሉ። «ግን ዓይኔ ደክሟል፤ ወርጄ ስንጥቁን ባየው አላየውም። ያላየሁት ነገር ላይ በአንድ ሰው ቃል ፈርሜ አላውቅም። የአቃቂን አፈር ደግሞ እንደ ኢዮስያስ የሚያውቀው የለም። ሕንጻው ይሄዳል ካለ እፈርማለሁ። ቆይ ልደውልለት።»

ሶልያና አሁን ልትነግራቸው ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። መጋረጃ የምትለካዋን ሴት አየቻት፣ ቀሚሷን የሚጎትቱትን ልጆች አየቻቸው፤ ቃሉን ዋጠችው።

«ኢዮስያስ!» አሉ ጋሽ ያፌት ስልኩን ጮክ አድርገው። «ሶልያና እኔ ዘንድ ናት፣ በሥጋዋ! አቃቂ ያለው ሕንጻ ይሄዳል ትላለች። አንተ ምን ትላለህ?»

«ሶልያና ካለች ልክ ናት ጋሼ» አለ የሞተው ሰው። «እሷ ተሳስታ አታውቅም። እኔም አብሬያችሁ ነኝ።»

ሕንጻው ደህና ነው ትላለች ቢሉትም ያንኑ ይል ነበር። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጋሽ ያፌት በደስታ ፊታቸው በራ። «ስማ፣ እዚያው ጽሕፈት ቤቱ ጋ ና። ሦስታችንም ተያይተን እንብላ። ትመጣለህ?»

«መንገድ ላይ ነኝ።»

«ጫማውን አላደረገም ማለት ነው» አሉ ጋሽ ያፌት፣ እየሳቁ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ጽሕፈት ቤቱ የደረሱት ከምሳ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ በሁለት ጣቷ የሶልያናን ደም ሥር ዳሰሰች፣ ከዚያም የጋሽ ያፌትን። የሳቸው ላይ ትንሽ ቆየች፤ «ቀስ ይላል እንጂ አለ» ብላ ቀለደች። ፈረሙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕንጻው ታሸገ። የሶልያና እንደራሴ ወዲያው በጆሮዋ የእንኳን ደስ ያለሽ ጎርፍ ሊያወርድባት ሲጀምር ከጆሮዋ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እንሂድ ጋሼ።»

«የት? ኢዮስያስ ደረስኩ ብሎኛል እኮ።»

ደጃፉ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ። ጋሽ ያፌት ከመታጠፊያው ብቅ የሚለውን ሰው ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ስለ አዋሽ ጉድጓድ አወሩ፤ ኢዮስያስ እባብ አየሁ ብሎ ምሳቸውን ረግጦ የሮጠበትን ቀን አንስተው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መካከል ላይ ይደውላሉ፤ ደረስኩ ይላቸዋል። ሶልያና አብራቸው ትስቃለች፣ ወደ መታጠፊያው ግን አታይም። ጸሐፊዋ ቆልፋ ወጣች። የመንገድ መብራት በራ።

«ድሮም እንዲህ ነው» አሉ በመጨረሻ ሲነሱ፣ ቅር ብሏቸው። «ሳገኘው አልለቀውም።»

ቅዳሜ ንጋት ላይ ሶልያናና ኤልዳና፣ ከእድሩ ዳኛ ጋር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቢሾፍቱ ደረሱ። ዳኛው አንኳኩ። ጋሽ ያፌት በካፖርት ወጥተው በሩን ከፈቱ፤ ሦስቱን አዩ፣ የነጠላውን አለባበስ አዩ፣ ኤልዳናን አዩ። የሚነገራቸው ነገር አልቀረም።

«ኢዮስያስ?» አሉ።

ኤልዳና አንገቷን ደፋች።

«ትናንት? ወደ እኛ ሲመጣ?» የበሩን መቃን ያዙ። «እኔ ነኝ! ና ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ! መንገድ ላይ ነኝ አለኝ እኮ! እኔ ነኝ የገደልኩት...»

ሶልያና ይህን አላሰበችም። ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችው ሌላ ሌላውን ነበር፤ ይህ በሐሳቧ አልመጣም። ከመቃኑ ሲንሸራተቱ ደግፋ ያዘቻቸው።

«አይደለም ጋሼ። እርስዎ አይደሉም። ሦስት ዓመቱ ነው። ሦስት ዓመቱ ነው ካረፈ። አውቄ ነው ትናንት ያልነገርኩዎት።»

ማልቀሳቸውን አቆሙ። ይህ ከለቅሶው ይልቅ አስፈራት። ከቤት ውስጥ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ስልካቸው ጮኸ፤ ኢዮስያስ እንዴት አደሩ የሚልበት ሰዓት ነበር። አራቱም ጥሪው እስኪያበቃ ቆመው ሰሙት።

«ታዲያ» አሉ ጋሽ ያፌት፣ «ትናንት ያነጋገርኩት ማንን ነው?»

የሶልያናን ፊት ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ትናንት አጥሩ ሥር እንዳዩት። ከዚያ እጇን ወሰዱ፤ እንደዚያች ጸሐፊ ሁለት ጣታቸውን አንጓዋ ላይ አሳርፈው የደም ሥሯን ፈለጉ። አገኙት። ጎረቤቶች ለቅሶውን ሰምተው በራቸውን መክፈት እስኪጀምሩ ድረስ አልለቀቋትም።